ስኳር ስንት ላድርግልሽ?

ልጅቷ ምን ብላ እንደመለሰች አልሰማሁም። ቴአትሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይቼዋለሁ። ትኬት ቆርጬ፣ ስልኬን አጥፍቼ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ። ያቺን አንድ መልስ ግን አልሰማኋትም። እንዳልሰማ ያደረገኝ ደግሞ የራሴ ሳቅ ነው።

ቀኑ ሐሙስ ነበር። ከሥራ ስወጣ ዝናብ ያዘኝ፤ የታክሲው ሰልፍ ሲታይ አንድ ሰዓት ይፈጃል። መጠለያ ስፈልግ ከከተማችን ቴአትር ቤቶች አንዱ ደጃፍ ላይ ደረስኩ። እውነቱን ልናገር፣ የገባሁት ለጥበብ ብዬ አይደለም፤ ለዝናቡ ነው። በሩ ላይ የተሰቀለው ባነር ላይ ከቴሌቪዥን ድራማ የማውቀው ፊት አንድ ብቻ ነበር። የደራሲውን ስም ሰምቼው አላውቅም።

«ኮሜዲ ነው?» አልኳት ትኬት ሻጯን።

«አዲስ ነው፤ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው» አለችኝ።

ለጠየቅኳት መልስ አልነበረም። አሁን ሳስበው ግን ጥሩ መልስ ነበር።

የእኛን ቴአትር ቤቶች የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እያንዳንዱ ተውኔት የራሱ ቀን አለው። ቅዳሜና እሁድ ስም ላላቸውና ሰው ለሚያመጡት ነው። ስሙ ገና ያልተለመደ ደራሲ አብዛኛውን ጊዜ የሥራ ቀን ይደርሰዋል፤ ሰው ደክሞት ወደ ቤቱ የሚሮጥበትን ቀን። አዳራሹ ሩቡ እንኳ አልሞላም ነበር። አጠገቤ ነጠላ የለበሱ እናት ተቀምጠዋል። ወደ ኋላ ወጣቶች በቡድን። ሁላችንም ትንሽ ትንሽ እርጥብ ነን።

መጋረጃው ሲከፈት አንድ ክፍል ቤት ነው። አልጋ፣ ቡፌ፣ ፔርሙስ። መሬቱ ላይ በኤርፖርት ፕላስቲክ የተጠቀለለ ትልቅ ሻንጣ። ልጅቷ ከቤይሩት ከሰባት ዓመት በኋላ መመለሷ ነው። ጃኬቷን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። የምታወራው እናቷ ብቻ ናት። ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ዕድሩ አዲስ ዳኛ፣ ስለ ጎረቤት ልጅ ሠርግ። ሃያ ደቂቃ ያህል እንዲሁ ታወራለች። ልጅቷ «እ» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣትም። እኔም አልዋሽም፣ አንድ ሁለት ጊዜ ዝናቡ አባርቶ ይሆን እያልኩ ጣሪያውን አዳምጫለሁ።

ከዚያ እናትየው ሻይ ቀዳች። የስኳሩን ጣሳ ከፈተች። ማንኪያውን ከተተች። ልታወጣው ስትል እጇ ቆመ።

«ስኳር ስንት ላድርግልሽ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

የዚያን ሰሞን ስኳር ጠፍቶ ነበር። ከተማው የሚያወራው ስለ ስኳር ነው። ሸማቾች ሱቅ ሰልፍ፣ «ገባ» ሲባል መሮጥ፣ ካፌ ገብቶ ሻዩን ከነስኳሩ ማግኘት እንደ ሎተሪ። ከኋላ አንዱ ወጣት «አለ እንዴ?!» ብሎ ጮኸ። ሳቁ ላይ ጭብጨባ ተጨመረበት። እኔም ሳቅሁ። አሳሳቄ ደግሞ የምር ነበር፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ደራሲው መንግሥትን ወጋ ያደረገ መስሎኝ በልቤ «ጎበዝ!» አልኩት።

ሳቁ ሲበርድ የልጅቷ ከንፈር ሲገጠም ብቻ አየሁ። መልሳለች። እናትየው ስኳሩን ጨምራ እያማሰለች ነው። ዓይኗ ልጇ ላይ ነው፤ እጇ ግን ማማሰሉን አልተወም፤ ስኳሩ ከሟሟ በኋላም ታማስላለች።

ያኔ አጠገቤ ያሉት እናት ወደ እኔ ዘንበል አሉ።

«የኔ ልጅ፣ ምን ብላ ነው?»

ተቆጥተው አይደለም። ጆሮዬ ደክሞ ቀልድ አመለጠኝ ብለው፣ ከልባቸው ነው የጠየቁኝ። እኔም በሹክሹክታ አስረዳኋቸው። «ስኳር እኮ… ጠፍቷል አይደል፣ እማማ።»

«እሱማ ጠፍቷል» አሉኝ። ትንሽ ጠበቁ፤ የሚቀጥል ነገር ያለ መስሏቸው። እንደሌለ ሲገባቸው ወደ መድረኩ ዞሩ። የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ሲያነሱ አየሁ።

ወርቅ ፍለጋ

ያን ምሽት ታክሲ ውስጥ ስኳሩ አልለቀቀኝም። እናት የገዛ ልጇን ስኳር ስንት እንደምትወድ አታውቅም። ወይ ረስታዋለች፣ ወይ በሰባት ዓመት ልጅቷ ተለውጣ ይሆናል ብላ ፈርታለች። ዓረፍተ ነገሩ ይኸው ነው። ከሥሩ የተቀበረ ምንም የለም። አጠገቤ ያሉት እናት እንደተባለው ሰሙት፤ እንደተባለውም አለቀሱ። እኔ የተማርኩት፣ ጋዜጣ የማነበው፣ «ቴአትር እወዳለሁ» የምለው ሰውዬ ያልተባለ ነገር ሰምቼ ሳቅሁ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት እኔ ነኝ።

ለራሴ ጥብቅና ልቁም። ይህ ጆሮ ከሰማይ አልወረደም። እኛ በሰምና ወርቅ ያደግን ሕዝብ ነን፤ ሰው «ደህና ነኝ» ሲለን እንኳ ምን ማለቱ ነው እንላለን። ቴአትራችንም ገና ሲወለድ የተሰጠን ትምህርት ይኸው ነበር። ከመቶ ዓመት በፊት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ»ን ሲጽፍ በአውሬዎች አፍ የሹማምንቱን ገመና አናገረ። ሹማምንቱም ወርቁን አላጡትም፤ ተውኔቱ ታገደ። ከዚያ ወዲህ በንጉሡም በደርግም ዘመን ጽሑፍ በሳንሱር እጅ ሳያልፍ መድረክ አይወጣም ነበር። ደራሲ ይደብቃል፣ ተመልካች ይፈልጋል፣ ሲያገኝ ያጨበጭባል። ያ ጭብጨባ «ገብቶኛል፣ አይዞህ» ማለት ነው። ክቡር ጭብጨባ ነው፤ አላቃልለውም።

ዛሬም የሚሠራበት ቦታ ሞልቷል። በረከት በላይነህ ጽፎት ግሩም ዘነበ ብቻውን የተጫወተውን «እያዩ ፈንገስ»ን ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። እዚያ ንቁ ሆነህ፣ ጆሮህን አሹለህ፣ ቃል በቃል ካልተከተልክ ታጣለህ። እዚያ ወርቁን መልቀም የጨዋታው ሕግ ነው።

ችግሩ ያንኑ ወንፊት ይዤ ሌላ ሰው ማሳ ውስጥ መግባቴ ነው። የሐሙሱ ተውኔት ደራሲ ሌላ ነገር ነበር የጻፈው። በሩን ሳንኳኳ የለመድኩትን መልስ ጠበቅሁ፤ ስኳር ሲል ደግሞ የጠበቅሁት መጣልኝ።

ጥርስ ባዳ ነው ይባላል። ሰው በሐዘኑም መሐል ይስቃል። አንዳንዶቻችን ያን ቀን የሳቅነው ጨንቆን ይሆናል ብዬም አስቤያለሁ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ዝም ያለች ልጅ ማየት ይከብዳል። አንድ የሚያስተነፍስ ቃል ሲገኝ ሰው ይይዘዋል። ይህን ለራሴ ማመካኛ ልሰጠው ሞክሬ ነበር፤ ግን አልሆነም። እኔ አልጨነቀኝም ነበር። እኔ ዝናቡን ነበር የማዳምጠው።

የሞተ ደራሲ ይመቻል

አንድ ነገር ልናዘዝ። ከዚያ ሐሙስ በፊት «ዘንድሮ ቴአትር የለም» ከሚሉት አንዱ ነበርኩ። ሰው ሲሰበሰብ ጸጋዬ ገብረ መድኅንን እጠራለሁ፣ መንግሥቱ ለማን እጠራለሁ፣ ራሴን እነቀንቃለሁ። ይህን ስል ግን ቴአትር ቤት ከረገጥኩ አራት ዓመት አልፎኝ ነበር። የለም የምለው ሳላየው ነው።

የድሮው ይመቻል። «ጠልፎ በኪሴ» የት ጋ እንደሚያስቅ አውቃለሁ። የጸጋዬ ቃለ ተውኔት የት ላይ ጮኾ የት ላይ እንደሚወርድ ጆሮዬ ያውቀዋል። መቼ እንደማጨበጭብ አባቶቼ ቀድመው አጨብጭበው አሳይተውኛል። እዚያ ተሳስቼ አልስቅም። አዲስ ተውኔት ፊት ግን ቀድሞኝ የሳቀ ሰው የለም። ራሴ መወሰን አለብኝ። ለካ እኔ ስሸሸው የኖርኩት ይህንን ነው።

ደግሞስ የድሮው መቼ ድሮ ሆነ? ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተብሎ ሲመረቅ የተከፈተው በራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነው። ደራሲው በሕይወት ያሉ፣ ያውም በሥራ ላይ ያሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ጣሊያን በር ላይ ቆሞ ሳለ በማኅበር ሲቋቋም የመጣው ሕዝብን ለዚያው ሰሞን ጉዳይ ለመቀስቀስ ነው። የጸጋዬ «ሀሁ በስድስት ወር» አብዮቱ ገና ትኩስ እያለ የወጣ ነው። ያኔ አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ሰው «ክላሲክ ላይ ነኝ» አላለም። ማታ ወጥቶ በማግስቱ ጠዋት የሚገጥመውን ነገር ነበር የሚያየው።

መንግሥቱ ለማ በ1980 ዓ.ም.፣ ጸጋዬ በ1998 ዓ.ም. አረፉ። ነፍስ ይማር። እነሱ አሁን የእኔን ሳቅ አይሰሙም። ተሳስቼ ብስቅ አንድ መስመር አይለውጡም። የሐሙሱ ልጅ ግን ይሰማል። ይህንን ያወቅሁት በኋላ ነው።

ሁለተኛው ሐሙስ

የልጅቷ መልስ አላስተኛኝ አለ። ቀልዴን አይደለም። ጥርሴን ስፍቅ «ምን ብላ ይሆን?» ሻይ ስጠጣ «ምን ብላ ይሆን?» አንድ ባልደረባዬን «አይተኸዋል?» ብዬ ጠየቅሁት። «ስለ ስኳር የሚቀልደውን?» አለኝ። ወሬው እንዲያ ሆኖ መውጣቱ ነው።

መጀመሪያ ባየሁት በሦስተኛ ሳምንቱ ተመለስኩ። አሁን ዝናብ የለም፤ ሰበብም የለኝም። ኋላ ረድፍ ተቀመጥኩ፣ በሩ አጠገብ። ሰው ካለፈው ይበልጣል። «ስለ ስኳር የሚቀልደውን» ሊያዩ የመጡ ይመስለኛል።

ሻዩ ተቀዳ። ጣሳው ተከፈተ። እጇ ቆመ።

«ስኳር ስንት ላድርግልሽ?»

ሳቁ መጣ። ጭብጨባውም መጣ። ተዋናይቷ ግን አልቀጠለችም። ማንኪያውን እንደያዘች ቆመች። ፊቷ ላይ «ሳቃችሁን ጨርሱ» የሚል ቁጣ የለም፤ ያልተመለሰላት እናት ብቻ ነች። ጠበቀች። ሳቁ ሲቀንስ ያንኑ ቃል ደገመችው፣ ትንሽ ዝቅ አድርጋ።

«ስኳር… ስንት ላድርግልሽ?»

አሁን የሳቁት ጥቂት ናቸው። አንዱ ጀምሮ አቋረጠው፤ በሳል አስመስሎ ዋጠው።

ሦስተኛውን ስትጠይቅ ድምፅዋ ሊሰማ አልቻለም ማለት ይቻላል። ከንፈሯ ብቻ ነው። አዳራሹ ውስጥ የመብራቱ ሞተር ሲያጉረመርም ይሰማ ነበር።

ልጅቷ ቀና አለች።

«እኔ እንጃ እማዬ። የነሱን ነው የማውቀው። ለማዳም አንድ፣ ለሚስተር ሁለት ተኩል።»

እናትየው አንድ ማንኪያ ጨመረች። ቀምሳ አየችው፤ ድሮ ሕፃን ሳለች ታደርግላት እንደነበረው መሆን አለበት። ከዚያ ሰጠቻት። ማንም አልሳቀም፤ ማንም አላጨበጨበም። ከፊቴ ያለው ትልቅ ሰውዬ ጫማውን ያይ ነበር።

ተውኔቱ ሙሉ በሙሉ እንከን የለውም እያልኩ አይደለም። ሁለተኛው ገቢር ላይ የሚመጣው አጎት ከየት እንደመጣ ዛሬም አልገባኝም። ከቴሌቪዥን ድራማ አምልጦ የገባ ይመስላል፤ ገብቶ ይጮኻል፣ ጮኾ ይወጣል። መጨረሻውም ይረዝማል። ሁለት ቦታ ላይ «አሁን መጋረጃ ይዘጋ» ብዬ ነበር፣ አልተዘጋም። አዲስ ሥራን መውደድ ማለት እንደ ታመመ ልጅ ማባበል አይመስለኝም። አጎቱ ይቅር። ሻዩ ግን የዘንድሮ ቴአትር የለም ላልኩበት ሁሉ ይበቃኛል።

ስወጣ በሩ ጋ ግድግዳ ተደግፎ የቆመ ቀጭን ወጣት አየሁ። በትዕይንቱ ሁሉ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አስተውዬ ነበር። የሚጸልይ መስሎኝ ነበር። ትኬት ቆራጩ «ደራሲው እኮ ነው» አለኝ።

ተጠጋሁ። የመጀመሪያውን ሐሙስ ሳቄን ልናዘዝ ፈልጌ እንዴት እንደምጀምር ጠፋኝ። «ባለፈው ሳየው አንዴ ነበር የጠየቀችው» አልኩት።

ሳቀ። «አዎ ጋሼ፣ አንዴ ነበር። ምርቃት ቀን ሰው ሲስቅ ደንግጬ ልወጣ ነበር። ጥናት ላይ አንድም ሰው አልሳቀም። እኔ ስጽፈው ስኳር ነበረ እኮ!»

ስኳር ነበረ። ይህን ስሰማ እኔም ሳቅሁ፤ አሁን ግን በቦታው። ጽሑፉን ከጨረሰ ሁለት ዓመት አልፎታል። መጀመሪያ ለገምጋሚዎች ገባ። ተስተካክሎ ተመለሰ። ከዚያ ወረፋ፣ ከዚያ አዘጋጅ ፍለጋ፣ ከዚያ ተዋንያኑ ከየድራማ ቀረጻቸው መሐል ሲያገኙ የሚያደርጉት ጥናት። መድረክ ላይ እስኪወጣ ስኳሩ ከሱቅ ጠፋ፤ አንድ ተራ ቃል እሱ ሳያውቅ ቀልድ ሆነ።

«ለምን ስኳሩን በሌላ አልቀየርከውም? ጨው ብትለው?»

«ሻይ ላይ ጨው?» አለኝ። ከዚያ ኮስተር ብሎ፣ «ልቀይረው አስቤ ነበር። እሷ ናት ያልተስማማችው» አለ፤ እናት ሆና የምትጫወተውን ማለቱ ነው። «"ይሳቁ፣ እኔ እጠብቃቸዋለሁ" አለችኝ። አራተኛው ሳምንት ላይ ዝም ብላ ጠበቀች። ደግማ ጠየቀች። እኔ እዚህ በር ላይ ቆሜ ነው የሰማሁት፤ እንደ እርስዎ።»

ሦስቱ ጥያቄ ከቢሮ አልወጣም ማለት ነው። እኛ ነን ያስጻፍነው። የእኔም ሳቅ፣ «አለ እንዴ?!» ያለው ልጅም ድምፅ እዚያ ውስጥ አለ። ያጠፋሁት ጥፋት ተውኔቱ ውስጥ ገብቶ ቦታ አግኝቷል። ይህን የመሰለ ነገር ከጸጋዬም ከመንግሥቱም ላገኝ አልችልም፤ ስላነሱ ሳይሆን ስለሌሉ።

«ታትሟል?» አልኩት።

«ማን ያትመዋል ጋሼ?» አለ። ቅሬታ እንኳ የለበትም፤ ሰዓት እንደነገረኝ ያህል ነው።

ልክ ነው። ከመድረክ የሚወርደው አብዛኛው ተውኔት ወደ መደርደሪያ አይሄድም። ወደ ደራሲው ላፕቶፕና ወደ ተዋንያኑ ትዝታ ይመለሳል። ልብ ወለድ ቢያመልጠኝ በአምስተኛ ዓመቱ አሮጌ መጻሕፍት ተራ አገኘዋለሁ። ይህ ካመለጠ አመለጠ። ከሐሙስ ሐሙስ እንኳ አንድ አይደለም፤ በመጀመሪያው ሐሙስ ያየሁትን ተውኔት ዛሬ ደራሲው ራሱ ሊያሳየኝ አይችልም።

ያን ነጠላ የለበሱ እናት በሁለተኛው ሐሙስ በዓይኔ ፈልጌያቸው ነበር። አልነበሩም። ቢኖሩ የምላቸውን አዘጋጅቼ ነበር፤ «ምንም አላለችም እማማ፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» ልላቸው። እሳቸው ግን ረስተውት ይሆናል። የሚያስቀው ምን እንደነበር ሲያስቡ አድረው ከሆነ ነው የሚያሳዝነኝ።

ተውኔቱ ክረምቱ ሳይገባ ወረደ። ባነሩ ተነስቶ ሌላ ተሰቅሏል። ሰሞኑን ለደራሲው ቴሌግራም ላይ ጻፍኩለት፤ የሻዩን ገጽ ብቻ እንዲልክልኝ። ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ወረቀቱ የተጨማደደ ነው፣ ጫፉ ላይ የስኒ ቂጥ ታትሞበታል። በኮምፒውተር የተተየበው አንድ መስመር ነው፦ «ስኳር ስንት ላድርግልሽ?» ጎኑ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ «ከሳቁ ትጠብቅ። እስኪበቃቸው ትጠይቅ።»

ከሱ ሥር በሌላ ቀለም፣ በሌላ ሰው እጅ ጽሑፍ፣ ምናልባት በእሷ፦ «ሰኔ። ስኳር ገብቷል። አንዴ ብቻ።»